ያለ ማር የተለወሰ ቦሎቄ

አስታማሚ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚሉትን የማይሰማና የሚሉትን ሁሉ የሚሰማ። የማይሰማውን ለምጄዋለሁ። ያናድደኛል፣ እጮህበታለሁ፣ ይወጣልኛል። ከባዱ የሚሰማው ነው፤ ነገር ሲበላሽ የምትወቅሰው ሰው ታጣለህ። ጀሚላ ያልኳትን ሁሉ አንድ በአንድ ያደረገች፣ በሥራ ዘመኔ ያየኋት ብቸኛ ሰው ናት። ከሁሉ አብልጬ የጮኽኩትም እሷ ላይ ነው።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። ሆሳዕና ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢ፣ ነበርኩ። ዋለ እባላለሁ፤ የዱራሜ ልጅ ነኝ። ከተማው ግን «ዶክተር» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ አርማቸው ነበር፤ በኋላ ደከመኝና ተውኩት። ከእኔ በላይ አንዲት ነርስ አለች፤ እሷም ከስብሰባ ተርፋ በሳምንት ሁለት ቀን ብትገኝ ነው። ከእሷ በላይ ያለው ሐኪም አዲስ አበባ ነው። አዮዲን ሲኖር ፋሻ የለም፤ ፋሻው ሲመጣ አዮዲኑ አልቋል። ጠዋት በር ላይ ሰልፉን ሳይ፣ ገና ጋዋኔን ሳልለብስ የሚደክመኝ ቀን ብዙ ነበር።

ሱልጣን የመጣው በጥቅምት ነው። የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቦኖሻና ከሆመቾ እህል እየጫነ ሻሸመኔ ያራግፋል። ግዙፍ ሰውዬ፣ ሳቂታ። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ ቁስል አለ። ጫማ ፋቀኝ ነው የሚለው፤ ሁለት ወር ሆኖታል። ሚስቱ ጀሚላ ከኋላው ቆማ፣ «ውሃ አይጠግብም ዶክተር፤ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ይወጣል» አለችኝ። ይህን ስትል ሽንቱን ተቀበልኩና ከሰማያዊው መድኃኒት ጋር በብርጭቆ ቱቦ አፈላሁት። ያኔ የሽንት ስኳር የምናየው እንዲህ ነበር። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት አለ፤ ቢጫ ከሆነ ብዙ አለ፤ እንደ ሸክላ ከቀላ ግን ጉዳዩ ከፍቷል ማለት ነው። የሱልጣን ቀላ።

«ጋሼ ሱልጣን፣» አልኩት፣ «እኛ ለአንድ ኪሎ ስኳር ቀበሌ በር ላይ ስንጋፋ፣ አንተ ሽንት ቤት ትደፋዋለህ?»

ከት ብሎ ሳቀ። ጀሚላ አልሳቀችም።

«እግሩስ?» አለችኝ።

እውነቱን ነገርኳት። ስኳሩ ከወረደ ቁስሉ ይዘጋል። ካልወረደ ጣቱ ይቆረጣል፤ እሱም ካልበቃ አዲስ አበባ ሄዶ እግሩ። ቀኝ እግር ደግሞ ነዳጅና ፍሬን የሚረግጠው ነው። ሱልጣን አሁንም እየሳቀ «በግራ ብቻ ኤንትሬ አይነዳም፤ እንግዲህ ፈረስ ግዙልኝ» አለ። ሳቁ ግን አጠረ።

የነበረንን የስኳር በሽታ ክኒን ሰጠሁትና የማይበላውን ዘረዘርኩላት። ማር የለም፤ ስኳር የለም፤ ለስላሳ የለም፤ ቆጮ ትንሽ፤ ቅቤ ቀንሺ። በጣቷ እየቆጠረች ሰማችኝ። ስጨርስ «የሚበላውን ደግሞ ንገረኝ» አለች። ውጭ ስልሳ ሰው ይጠብቀኛል፤ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ጆሮዬን ይዞኛል። «ጥራጥሬ» አልኳት። «ቦሎቄ ስጪው።» ከዚያ ቀጣዩን ጠራሁ። ምክሬ በቃ ይህችው ነበረች።

ጀሚላ የሻሾጎ ልጅ ናት፤ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለሱልጣን ተዳረች። ልጅ አላገኙም። በጓሮዋ እንሰት አላት፤ ትፍቃለች፣ ቆጮውን ጉልት ወስዳ ትሸጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ትቀመጣለች፣ ስኳርና ሳሙና መጣ ሲባል ትሰለፋለች። ደከመኝ ስትል አልሰማኋትም፤ ግን ስትቀመጥ ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምትቀመጠው፤ ግድግዳ በሌለበት ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሱልጣን መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ንጋት ላይ አንድ ጣባ ማር ከቀለጠ ቅቤ ጋር ይቀርብለታል። ዳቦ እየቆረሰ፣ እያጠቀሰ፣ ጣቱን እየላሰ ይጨርሳል። ያ ነው ቁርሱ፤ ሌላው ዓለም ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ከእኔ የተመለሱ ዕለት ጀሚላ ማሩን አነሳችና የቦሎቄ ንፍሮ በጨው አቀረበች። ሦስት ቀን በላ። በአራተኛው ቀን ገፋው። በስድስተኛው ቀን ኮቱን ስታጥብ ኪሱ ውስጥ የከረሜላ ወረቀት አገኘች፤ አንድ እጅ ሙሉ።

ሌላ ሴት ብትሆን ቤቱን በጩኸት ታነቃንቀው ነበር። ጀሚላ ወረቀቱን ይዛ ቁጭ ብላ አሰበች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የነገረችኝ፤ «ማሩን ብቻ አይደለም የናፈቀው፤ እጁ ማጥቀስ ለምዷል፤ የሚያጠቅሰው ነገር አጣ» ብላ ነው የደመደመችው። እኔ በኮርስ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ያልተማርኩትን እሷ ከአንድ የከረሜላ ወረቀት አወቀችው።

ነጩን ቦሎቄ ከማታው ትዘፈዝፋለች። ጠዋት ውሃውን ትደፋና እንደገና በንጹሕ ውሃ፣ በጣት ሲይዙት እስኪፈርስ ትቀቅለዋለች። እሳት የሚነካው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ በብርዱ የሚሠራ ነው፤ እንጨት በጠፋበት ዘመን ይህም ቁምነገር ነበር። ገለባውን አንድ በአንድ ትገፋለች። ከዚያ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፣ በወንፊት ታሳልፈዋለች፣ ከወተት ጋር ትለውሰዋለች። የመጀመሪያው ጥሬ ጥሬ ሸተተ። ሁለተኛው በጣም ቀጠነና ሱልጣን «ይሄ ለጥጃ ነው» አላት። በሦስተኛው የተቆላ ለውዝ ደቁሳ ጨመረች፤ ቅባቱ ከዚያ መጣ። ቀረፋ አከለችበት፤ ኮረሪማ ለአመል ያህል። ቀረፋው ያልጣፈጠውን እንደጣፈጠ ያስመስለዋል። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ጣሳ ይዛለች።

«ግማሽ ሙዝ ብጨምርበት ይጎዳዋል?» አለችኝ።

በጣቴ ቀመስኩ። ይጣፍጣል ማለት አይቻልም፤ አይጣፍጥም ማለትም ግፍ ነው። ለስላሳ፣ ወፍራም፣ ደህና ሽታ ያለው ነገር ነው። «ለሙሉው ማሰሮ ግማሽ ሙዝ አይጎዳም» አልኳት። በዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ጥያቄ እሱ ነበር።

ሱልጣን በላው። አንጎራጎረ፣ ቀለደ፣ ግን በላው፤ ዳቦውን እያጠቀሰ። በኅዳር መጨረሻ ሽንቱ ቢጫ ሆነ። በጥር አረንጓዴ። እውነቴን ነው የምለው፣ ያን አረንጓዴ ቱቦ መስኮት ላይ አቁሜ ለነርሷ አሳይቻታለሁ። ቁስሉ ዳር ዳሩን ሥጋ መሙላት ጀመረ። እስከ ዱራሜ የምትደርስ አጭር ጉዞም ጀመረ። ሱልጣን በመጣ ቁጥር «ዶክተር፣ ማሩን መቼ ነው የምትፈቅድልኝ?» ይለኛል፤ እኔም «ስትሞት» እለዋለሁ፤ እንስቃለን።

በዚህ መካከል ግን አንድ ነገር ሆኖ ነበር። በእነሱ አገር ሴቶች ዊጆ አላቸው። በየሳምንቱ እያንዳንዷ አንድ ስኒ ቅቤ ታመጣለች፤ የተሰበሰበውን ሁሉ ተራ የደረሳት አንዷ ትወስዳለች። የጀሚላ ዊጆ ዋና የሱልጣን ታላቅ እህት ነፊሳ ነበረች። ነፊሳ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ወፍራም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ገበያው የሚፈራት ሴት። አባታቸው የሞተ ጊዜ ሱልጣን የሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው። የጀሚላ ተራ በታኅሣሥ ደረሰና አንድ እንስራ ሙሉ ቅቤ ወሰደች። ወስዳም ሸጠችው። ገንዘቡን በአንድ መንገደኛ ልካ ከአዲስ አበባ የስኳር ክኒን አስመጣች፤ ከእኛ ዘንድ ካለቀ ወር ሆኖት ነበር። ነፊሳ ሰማች። ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።

ነገሩን ያፈነዳው የካቲት 29 ነው፣ የሴቶች ቀን። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ስለ ቦሎቄው ከማን እንደሰማች አላውቅም፤ ከእኔ አፍ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አወራ ነበር። «ከአካባቢ ምርት የተዘጋጀ ምግብ» የሚል ኤግዚቢሽን በአዳራሹ ይታያል ተባለ፤ ጀሚላም ታቀርባለች ተባለ። አልፈልግም ብትል ሰሚ የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማሰሮዋን ከፊቷ አስቀምጣ፣ ዳቦ ቆርሳ ደርድራ ቆመች። መደገፊያ ግድግዳም አልነበረም። አንድ ካድሬ መጥቶ አጠቀሰ፣ አላመጠ፣ «ይህ የውጭ ምንዛሪ ያድናል» አለ። ማር ከውጭ የሚመጣ መስሎት ይሁን አላህ ይወቀው።

ከዚያ ሊቀመንበሯ ማይክሮፎኑን ያዘች። «ይህች ቆራጥ እናት የታመመ ባሏን ያለ ቅቤ፣ ያለ ማር፣ በቦሎቄ ብቻ እያስታመመች ነው!» አለች። ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ። ነፊሳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ ጭኗ ላይ ነው።

ያኔ አልገባኝም። እኔም የዚያው አካባቢ ልጅ ነኝና ሊገባኝ ይገባ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ቅቤና ማር ይገባለታል። የቆሰለ፣ የወለደች፣ ከእስር የወጣ፣ ሁሉም በቅቤና በማር ነው የሚያገግመው። ለበሽተኛው ይህን የማያቀርብ ቤት ወይ ሰው የሌለው ነው፣ ወይ ሰውየውን የተወ ነው። ሊቀመንበሯ በማይክሮፎን ለከተማው ሁሉ ያወጀችው የነፊሳ ወንድም መተዉን ነበር።

በመጋቢት ቱቦው ቢጫ ሆነ። ጉንፋን ይዞት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ቀላ፤ በሚቀጥለውም ቀላ። ቁስሉ የሞላው ሥጋ እንደገና ረጠበ።

ጀሚላን ጠራኋት። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል። «እትዬ ጀሚላ፣ እኔ ላይ አትቀልጂ» አልኳት። «ምንድን ነው የምታበይው?»

«ያንኑ ነው ዶክተር።»

«ያንኑ ከሆነ ይህ ከየት መጣ?» ቱቦውን ዓይኗ ሥር ደቀንኩባት። «ባልሽን ልትገድይው ነው? አዘንኩለት ብለሽ ስኳር ጨመርሽበት አይደል? ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ እኔ ነኝ ደደቡ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያት። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ጀሚላ ፊቷ ላይ ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። «ወላሂ ምንም አልጨመርኩም» አለች። «ሙዙን ልተወው?»

«ተይው!»

ሙዙን ተወች። ቱቦው አሁንም ቀላ። ለውዙን አስቀነስኳት፤ ቀላ። ወተቱን በውሃ አስለወጥኳት፤ ቀላ። በመጣች ቁጥር አንድ ነገር እያነሳሁባት በመጨረሻ ቦሎቄ፣ ውሃና ጣት ያህል ቀረፋ ብቻ ቀረ። ሌሊት እየተነሳች ስታስብ ታድራለች፤ በራሷ እጅ ጥፋት ትፈልጋለች። ማሰሮውን ቀየረች። የወንዙን ውሃ ትታ ከምንጭ መቅዳት ጀመረች፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ልብሷ ላይዋ ላይ ሰፋ።

ሱልጣን ደግሞ የሚነግረኝ ሌላ ነው። «ዘንድሮ እጇ ጣፍጧል ዶክተር፤ አልሐምዱሊላህ፣ ለምጄዋለሁ» ይለኛል። ወተት የለው፣ ለውዝ የለው፣ ሙዝ የለው፤ እንዴት ነው የሚጣፍጠው ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ ጉልበቴን በቁጣ ጨርሼ ለማሰቢያ አልተረፈኝም ነበር።

ግንቦት ላይ ፋሻውን ስፈታ ሽታው መጣ። ያን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛው ጣትም ጠቁሯል። አዲስ አበባ ይላክ ብዬ ወረቀቱን ጻፍኩ፤ አልጋ እስኪገኝ ተራ ይጠብቃል። ያን ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ እነሱ ቤት ሄድኩ። እጅ ከፍንጅ ልይዛት ነው የሄድኩት፤ አላፍርም፣ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ጀሚላ ደጃፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ሙቀጫ ፊቷ አድርጋ ትወቅጣለች። ሳይገርማት ተነስታ በርጩማ አቀረበችልኝ። ሁሉን እፊቴ ሠራችው፤ ወቀጠች፣ ነፋች፣ ለወሰች። በማንኪያ ሰጠችኝ። አፈር በሉት። ጣዕም የሚባል የለበትም፤ ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

«ይህን ነው የሚበላው?»

«ይህንኑ ነው። የትናንቱ ትንሽ ተርፎታል፤ ውስጥ አለ።»

ገባሁ። ሱልጣን አልጋው ላይ ተጋድሟል። ራስጌው ካለች በርጩማ ላይ የተከደነች ጣባ አለች፤ ዳሯ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ። ከፈትኩና በጣቴ ቀመስኩ።

ማር ነው። ጥርስ የሚያሳምም የሻሾጎ ማር።

«እትዬ ጀሚላ» ብዬ ጠራኋት። «ቅመሺ።»

የሱልጣንን ጣባ ቀምሳ አታውቅም። የበሽተኛ ድርሻ ነው ብላ አትነካውም፤ እሷ የምትበላው ቆጮና ጎመን ነበር። አሁን በጣቷ ነካችና ምላሷ ላይ አኖረችው። ለረጅም ጊዜ አልዋጠችውም። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

«ማነው?» አለችው።

«ነፊሳ ናት» አለ፣ ሳይዞር። «ውሃ ስትወርጂ፣ ሰልፍ ስትሄጂ ትመጣለች። ማሩን በመሐረብ ሸፍና ትመጣና ከቦሎቄው ጋር ትለውሰዋለች።»

«ከመቼ?»

«ከአዳራሹ ቀን ጀምሮ።»

«እና ታውቅ ነበር?»

«ምላስ አለኝ እኮ።» አሁን ዞረ። ያ ሁሉ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። «እህቴ ናት ጀሚላ። አዝላ ያሳደገችኝ ናት። እያለቀሰች ነው የምትለውሰው፤ ምን ብዬ ልመልሳት?» «ደግሞም ጣፈጠኝ» አለ።

እኔ መሄጃ አጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከተማ ፊት ያዋረድኳት ሴት አጠገቤ ቆማለች። «ይቅርታ» አልኳት፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ጣባዋን አነሳች፣ በነጠላዋ ሸፈነችና ወጣች። ነፊሳ ቤት ነው የሄደችው።

እዚያ የተባባሉትን ራሷ ነግራኛለች። አልተጯጯሁም። ነፊሳ አልካደችም። «እኔ ወንድሜን በንፍሮ አልቀብርም» ነው ያለቻት። «ልጅ አልሰጠሽውም ምንም አላልኩሽ። የዊጆውን ቅቤ ሸጥሽ፣ ዝም አልኩ። በአደባባይ ተውኩት ስትይ ግን ዝም ልበል? ስምሽንም ነው ያዳንኩልሽ! ጠያቂ መጥቶ ያን ትቢያሽን ቢቀምስ ምን ይል ነበር?»

«ማሩ እግሩን እየበላው እንደሆነ ማንም አልነገረሽም?» አለቻት ጀሚላ።

«ማን ይነግረኛል? ማር ሰው ሲበላ ታይቶ ያውቃል?»

ይህን ስትነግረኝ አንገቴን ደፋሁ። እውነትም ማን ነገራት? እኔ የነገርኩት ለጀሚላ ብቻ ነው፤ በሁለት ደቂቃ፣ በር ላይ ሰው እየጠበቀኝ። የሱልጣንን ጣባ የሚሞላው ቤተዘመዱ ሁሉ መሆኑን እያወቅሁ አንዲቷን ደካማ ሴት በሁሉም ላይ ዘበኛ አድርጌ አቆምኳት፤ ዘበኛዋ ተኛች ብዬም ሰደብኳት።

ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ጀሚላ ሃያ ሦስት ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አደረች፤ ካርቶን አንጥፋ። ኤንትሬውን ሌላ ሹፌር ወሰደው። ሲመለሱ ነሐሴ ገብቶ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ከመኪናው እስከ ቤቱ ድረስ ሱልጣንን አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ከአራቱ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ጀሚላ ከኋላ ክራንቹን ይዛ ትከተለናለች።

በሦስተኛው ቀን ቁስሉን ልጠርግ ስሄድ ቤቱ በሰው ሞልቷል። የዊጆ ሴቶች ናቸው፤ ነፊሳ መካከላቸው። በግድግዳው ሥር የመጡበት ተደርድሯል፤ ዘጠኝ ዕቃ፣ አምስቱ ቅቤ፣ አራቱ ማር። ማንም በክፋት አላመጣውም። ሰው እግሩን አጥቶ ሲመለስ እንዴት ባዶ እጅ ይመጣል? በሩ ላይ ቆሜ ዕቃዎቹን እንደገና ቆጠርኩ። መናገር ፈለግሁ፣ ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም።

ጀሚላ ከጓዳ ወጣች። በትልቅ ሳህን ቦሎቄውን ይዛለች፤ እንደ መጀመሪያው በወተትና በለውዝ የተለወሰውን፣ በዳሩ ዳቦ የተደረደረበትን። ማርም ቅቤም የለበትም። በሴቶቹ መካከል አስቀመጠችው። ማንም እጁን አልዘረጋም። እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሁሉም ነፊሳን አዩ።

ነፊሳ ዳቦ ቆረሰች። አጠቀሰች። እያላመጠች እንባዋ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። ያን ቀጥ ያለ ጀርባዋን ጎብጦ ያየሁት ያኔ ነው።

«እንዴት ነው እትዬ?» አለቻት ጀሚላ።

«አይጣፍጥም» አለች ነፊሳ።

«አዎ። አይጣፍጥም።» ጀሚላ አጠገቧ ቁጭ አለች። «እኔም አውቃለሁ እኮ። ለጣዕም አልነበረም፤ ለእግሩ ነበር።»

ነፊሳ ሁለተኛ ቆረሰችና እንደገና አጠቀሰች። ከዚያ ከአጠገቧ ያለችው፣ ከዚያ ሌላዋ እጃቸውን ዘረጉ። ፊታቸውን እያጨፈገጉ በሉ።

«ወደዚህም አምጡት እንጂ» አለ ሱልጣን ከአልጋው ላይ። «እኔም አንድ እግር ቀርቶኛል።»

ጀሚላ ተነስታ ሳህኑን ወሰደችለት።